ጀልባዬ ውስጥ የሚገባው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ቀዳዳውን ስለማግኘትና ስለመድፈን

ባለመረብ

ጤና ይስጥልኝ፣ የመድረኩ አባላት።

ጀልባዬ 4.2 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ላሜራው በሪቬት (ላሜራዎቹን በስቶ አልፎ ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚይዝ ምስማር መሰል ማያያዣ) የተያያዘ የአልሙኒየም ጀልባ ሲሆን ከኋላው 15 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ተሰቅሎበታል። ጠዋት ውሃ ላይ ሳወርደው ወለሉ ደረቅ ነው፤ መረቤን ዘርግቼና ሰብስቤ ስመለስ ግን ከወለሉ ጣውላ ሥር፣ ከሞተሩ አጠገብ፣ አራት ጣት የሚያህል ውሃ ተጠራቅሞ አገኛለሁ። ሁልጊዜ የማገኘው ከኋላ በኩል ስለሆነ ቀዳዳው ሞተሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ ሳይሆን አይቀርም ብዬ እገምታለሁ። የጠየቅኋቸው ሰዎች ሁሉ ሲሊከን አምጥተህ ከውስጥ ለቅልቀው ይሉኛል። እኔ ግን ማንኛውንም ነገር ከመቀባቴ በፊት ውሃው የሚገባበትን ትክክለኛ ቦታ ማወቅ እፈልጋለሁና፣ ይህን ሥራ የምታውቁ ሰዎች ከየት መጀመር እንዳለብኝ ብትመሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

ጠጋኙ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን፣ ባለመረብ።

ውሃው ከኋላ መገኘቱ ከኋላ ለመግባቱ ማስረጃ አይሆንም። ሞተር የተሰቀለበት ጀልባ ቆሞም ሆነ ሲሄድ ኋላው ዝቅ ስለሚል፣ ከአፍንጫው በኩል የገባ ውሃ እንኳ የላሜራውን ወገብ (ከሥር መሐል ለመሐል ከአፍንጫው እስከ ኋላው የሚሄደውን መስመር) ይዞ ወደ ኋላ ይወርድና እዚያው ይተኛል። ላሜራውን ከውስጥ ደግፈው የያዙት አግዳሚ አጥንቶችም ከሥራቸው ውሃ ማሳለፊያ ክፍተት ስላላቸው መንገዱን አይዘጉበትም። ውሃው በታየበት ቦታ ሲደፍኑ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች አሉ፤ ጀልባቸው በማጣበቂያ ብዛት ይከብዳል እንጂ አይደርቅም።

ስለዚህ ጀልባውን ከመገልበጥዎ በፊት ውሃው መቼ እንደሚገባ ይለዩ። ጀልባውን አድርቀው፣ ከዝናብ በሚከልል ሸራ ሸፍነው፣ ሰው ሳይሳፈርበትና ሞተሩ ሳይነሣ ጥልቀት ባለው ቦታ አስረው ያሳድሩት። ሲነጋ ውሃ ካገኙበት ቀዳዳው ጀልባው ባዶውን ሲቆም ከውሃው ወለል በታች በሚሆነው ክፍል ላይ ነው ማለት ነው። ደርቆ ካደረና ጭነት ሲጫንበት ብቻ የሚገባበት ከሆነ፣ ጀልባው ሲከብድ ብቻ ውሃ ውስጥ የሚጠልቀውን የጎኑን ክፍል ይመርምሩ። ቆሞ የማያስገባ፣ ሲሄድ ግን የሚያስገባ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር ይጠረጠራል፦ አንደኛው ላሜራው ማዕበል ሲመታው የሚከፈት፣ ጀልባው ሲቆም ግን የሚገጥም ስንጥቅ ወይም የላላ ሪቬት ነው፤ ሁለተኛው ከኋላ በኩል ከውሃው ከፍ ብለው የተቀመጡ፣ ፍጥነት ሲቀንሱ ግን ተከትሎ የሚመጣው ሞገድ የሚሸፍናቸው የሞተር ቡሎኖችና የኬብል ማሳለፊያ ቀዳዳዎች ናቸው። ዓሣ በሕይወት የሚያቆዩበት ገንዳ ካለዎት ፓምፑን ሳያስነሡ አንድ ጊዜ፣ አስነሥተው ደግሞ ሌላ ጊዜ ይሞክሩት፤ ፓምፑ ሲሠራ ብቻ ውሃ ከታየ ጥፋቱ የጀልባው አካል ላይ ሳይሆን ቱቦው፣ ፋሸታው (የቱቦው ማሰሪያ ቀለበት) ወይም መጋጠሚያው ላይ ነው።

የሚሠሩት ባሕር ላይ ከሆነ ከዚህ ሁሉ በፊት የዝናብ ውሃና የባሕር ውሃ በጨውነታቸው እንደሚለዩ አይዘንጉ። ነዳጅ ወይም ዘይት ያልተቀላቀለበት ከሆነ በጣት ጫፍ መቅመስ በቂ ነው።

ቀዛፊ

ሌላውን ሁሉ ከመመርመርዎ በፊት ውታፉን ይመልከቱ። የማፍሰሻው ቀዳዳ ውታፍ ጎሚኒው ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ጠብቆ የገባ ይመስላል እንጂ ውሃ አያቆምም። የቀዳዳው ጥርስ ውስጥ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ብትገባም ውጤቱ ያው ነው።

ባለመረብ

ስለ መልሳችሁ አመሰግናለሁ። ውታፉን በአዲስ ለውጫለሁ፤ የተወሰነ ለውጥ ቢኖርም ውሃው አልቆመም። ጠጋኙ እንዳሉኝ ሸፍኜ አስሬ ባሳደርሁት ጊዜ ጥቂት ውሃ አገኘሁ፤ ጭነት ጭኜ ስሄድ ግን የሚገባው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። ይህ ማለት ቀዳዳው አንድ ብቻ አይደለም ማለት ይሆን? አንድ ወዳጄ ደግሞ ጀልባውን ተጎታቹ ላይ እንዳለ ውሃ ሙላውና ከሥር የሚንጠባጠበውን ተመልከት ብሎኛል። ምን ያህል ውሃ ብሞላበት ነው ጉዳት የማያደርሰው?

ጠጋኙ

የወዳጅዎ ምክር ትክክለኛ ነው፤ ለአልሙኒየም ጀልባ ከዚህ የተሻለ ፈተና አላውቅም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ክብደቱ ላይ ነው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የጀልባዎ ወለል 3 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት ቢኖረውና 10 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው ውሃ ቢሞሉበት 300 ኪሎ ጫኑበት ማለት ነው። ትናንሽ ተጎታቾች የሚሠሩት ለጀልባው፣ ለሞተሩና ለጥቂት ዕቃ ክብደት ስለሆነ ይህን ጭነት ከሁለትና ከሦስት ነጥብ ብቻ ደግፎ መያዝ ላሜራውን ሊያጎብጠው ይችላል። ስለዚህ ሞተሩን ያውርዱ፤ ከወገቡ ሥር በየመሐሉ ወፍራም ጣውላ ይደግፉበት፤ ከዚያም ውሃውን በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየደረጃው ይጨምሩ። መጀመሪያ ኋላውን ዝቅ አድርገው ጥቂት ይሙሉና ይመርምሩ፤ ቀጥሎ አፍንጫውን ዝቅ አድርገው ውሃውን ወደ ፊት ያዛውሩት። በዚህ መንገድ በትንሽ ውሃ ሁሉንም ቦታ መፈተን ይቻላል።

ውሃ ከመሙላትዎ በፊት የውጩን ላሜራ በጨርቅ ወልውለው ፍጹም ደረቅ ማድረግዎን አይርሱ። ከዚያ ከሥሩ ገብተው በእጅ ባትሪ ወደ ጎን እያበሩ ይመልከቱ። የላላ ሪቬት መጀመሪያ ላይ አይንጠባጠብም፤ በራሱ ዙሪያ ቀጭን የእርጥበት ቀለበት ይሠራል፤ ቀለበቱ ከታች በኩል ይወፍርና አንዲት ጠብታ አንጠልጥሎ ይቆያል። ጠብታዋ ስትከብድ ላሜራውን ይዛ ትንሸራተትና ከሌላ ሪቬት ላይ ሄዳ ትወድቃለች። ወድቃ ያዩባትን ቦታ ምልክት ካደረጉ ደኅናውን ሪቬት ሊነቅሉ ነው። ስለዚህ ጠብታውን በጨርቅ ጠርገው፣ የመጀመሪያው እርጥበት ብቅ ሲል ያዩበትን ሪቬት በጠመኔ ወይም እርጥብ ላይ በሚጽፍ እርሳስ ያክብቡት። ውሃው ላይ የምግብ ቀለም ጠብ ቢያደርጉበት ቀጭኑ ስንጥቅ ቀለሙን ይዞ ስለሚቀር ከደረቀ በኋላም ይታያል። ቀስ ብሎ የሚያስገባ ቦታ ጊዜ ይፈልጋልና ሞልተው ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይታገሡ።

አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ውሃ ከውስጥ ሲሞላ ላሜራውን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ ጀልባው ውሃ ላይ ሲሆን ግን ግፊቱ ወደ ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ከውስጥ ሲገፉት የሚገጥም፣ ከውጭ ሲገፉት የሚከፈት መጋጠሚያ ያጋጥማል። በዚህ ፈተና ምንም ያልታየበትን ቦታ ፍጹም ደኅና ነው ብለው አይዝጉት።

ባለፋይበር

የጠጋኙ ምክር ለላሜራ ጀልባ የሚበጅ ነው። የፋይበር ግላስ ጀልባ ያላችሁ ሰዎች ግን ይህን አንብባችሁ ውሃ ከመሙላታችሁ በፊት እንድታስቡበት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በብዙ የፋይበር ጀልባዎች ውስጥ ከላይኛው ወለልና ከታችኛው አካል መካከል ባዶ ቦታ ወይም ጀልባው እንዳይሰጥም የሚያደርግ ስፖንጅ መሰል አረፋ አለ። ወደዚያ የገባ ውሃ በቀላሉ አይወጣም። አረፋው ውሃ የማይመጥጥ ነው ተብሎ ቢሸጥም ለዓመታት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ሲኖር ቀስ በቀስ ይጠጣል፤ ጀልባው ያለ ምክንያት ከከበደና ኋላው ከቀድሞው ይልቅ ዝቅ ብሎ መቆም ከጀመረ ይህን ጠርጥሩ።

እኔ የምመርጠው ተቃራኒውን ነው። የውስጡን መጋጠሚያ ሁሉ አድርቄ የጠመኔ ዱቄት ወይም የሕፃናት ፓውደር በስሱ እነሰንስበታለሁ፤ ከዚያ ጀልባውን ውሃ ላይ አውርጄ አንድ ሰው ከአፍንጫው ወደ ኋላ፣ ከግራ ወደ ቀኝ ክብደቱን እያዛወረ እንዲንቀሳቀስ አደርጋለሁ። እርጥበቱ የመጣበት ቦታ ዱቄቱን ያጠቁረዋል፤ የጠቆረውን መስመር ወደ ኋላ ተከትሎ መነሻው ላይ መድረስ ይቻላል። ግፊቱም ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሆነ ጠጋኙ ያነሡት ችግር አይኖርበትም።

በፋይበር ጀልባ ላይ ዋነኛው ጥፋተኛ ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ የበሳው ቀዳዳ ነው። የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያው ዳሳሽ ከኋላው ግድግዳ ላይ የሚታሰርባቸው ብሎኖች፣ መሰላሉ፣ የቆየ ዕቃ ተነቅሎ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ፣ እነዚህ ሁሉ ከውሃ በታች ናቸው። ጀልባውን አሸዋና ድንጋይ ላይ እየጎተቱ ማውጣት የለመዱ ደግሞ ወገቡ ላይ ያለው ሽፋን ተፍቆ ክሩ እስኪታይ ድረስ ሊያሳሱት ይችላሉ። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ እያሉ ሲያንኳኩት ደኅናው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጡ ያለው እንጨት የበሰበሰበት ወይም ንብርብሩ የተላቀቀበት ቦታ ግን ድምፁ የታፈነ ነው።

ስንጥቁን ላዩን በስቱኮ መሙላት ብቻ አይበቃም። ስንጥቁ የጥልቀቱን 12 እጥፍ ያህል ወደ ጎን እየሰፋ እንዲያዘቀዝቅ ሆኖ ይፋቃል፤ ማለትም ውፍረቱ 3 ሚሊሜትር በሆነ ቦታ በየጎኑ 36 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ማለት ነው። ከዚያ ፍጹም ደርቆ፣ በአሴቶን ተጠርጎ፣ የፋይበር ግላስ ጨርቅ በሙጫ በንብርብር ይለጠፋል። ሙጫው ሁለት ዓይነት ነው፤ አሮጌ ፋይበር ላይ ኢፖክሲ የሚባለው ፖሊስተር ከሚባለው የበለጠ ይይዛል። ኢፖክሲ የደረቀበት ላይ ፖሊስተር መደረብ ግን አይመከርም፤ በደንብ ስለማይይዝ ይላቀቃል።

አንዴ ገላገለኝ

ለአንድ ትንሽ ጀልባ ይህ ሁሉ ምርመራ ለምን እንደሚያስፈልግ አልገባኝም። የውስጡን ወለል በሙሉ ሬንጅ ወይም የጣሪያ መድፈኛ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢቀቡት ውሃው በየትም ይግባ በየት ያቆመዋል። እኔ የማውቃቸው አጥማጆች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሥራቸውንም ይሠራሉ።

ጠጋኙ

ወንድሜ፣ የሚሉትን ነገር እኔም በብዙ ጀልባ ላይ አይቻለሁ፤ ለአንድ ወቅት ይሠራል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ግን ልንገርዎት።

ከውስጥ የተቀባ ነገር ውሃው ከበስተኋላው እየገፋው የሚኖር ነው። በ30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ያለው ግፊት በአንድ ካሬ ሳንቲሜትር 30 ግራም ያህል ብቻ ቢሆንም ቀንና ሌሊት አያርፍም፤ ላሜራው ሲርገበገብ የተላቀቀችውን ጠርዝ አግኝቶ ይገባባታል። ከውጭ የተደፈነውን ግን ያው ግፊት ወደ ቀዳዳው ስለሚጫነው ያግዘዋል። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ በቀለሙና በላሜራው መካከል የታሰረው ውሃ ነው። አልሙኒየም አየር ሲያገኝ በራሱ ላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን አለ፤ ከዝገት የሚጠብቀውም እሱ ነው። አየር በማያገኝበትና እርጥበት በማይለቀው ቦታ ይህ ሽፋን ራሱን መጠገን ስለማይችል ላሜራው ነጭ ዱቄት እየሆነ ይበሳል። ሬንጁን ሲልጡት ከሥሩ መርፌ የወጋው የሚመስል ላሜራ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ሦስተኛውን ደግሞ በየጊዜው የሚያጋጥመኝ እኔ ነኝ፦ በሬንጅ የተለቀለቀ ጀልባ ሲመጣልኝ ከጥገናው ይልቅ ማጽዳቱ ይረዝማል።

ባለመረብ፣ ሲሊከኑንም ይተዉት። መስኮትና መታጠቢያ ቤት ላይ የሚሠራው ሲሊከን ከውሃ በታች ባለ አልሙኒየም ላይ አይዘልቅም፤ ሲላቀቅም የማይታይ ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በላዩ ላይ ሌላ ማጣበቂያም ሆነ ቀለም እሺ ብሎ አይይዝም። ለዚህ ሥራ የሚሆነው ለጀልባ ተብሎ የሚሠራው ፖሊዩሬቴን የሚባለው ማሸጊያ ነው፤ ስሪኤም 5200 እና ሲካፍሌክስ 291 የታወቁት ናቸው። 5200 አንድ ጊዜ ከደረቀ ለመንቀል እጅግ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ወደፊት ሊፈቱት በሚችሉት ዕቃ ላይ አይጠቀሙበት። የሚደርቀው ከአየር በሚያገኘው እርጥበት ሲሆን ሙሉ በሙሉ ለመጠንከር እስከ አንድ ሳምንት ይወስዳል። በማግስቱ ነካ አድርገው ደረቅ ስላገኙት ብቻ ጀልባውን ውሃ ላይ አያውርዱ።

ባለመረብ

የመሙላቱን ፈተና በታዘዝሁት መሠረት አደረግሁ። ውጤቱ ከገመትሁት የራቀ ነው። ሞተሩ የተሰቀለበት ግድግዳ ላይ፣ ውሃው እስከሞላሁበት ከፍታ ድረስ፣ አንድም ጠብታ አላየሁም። ከአፍንጫው ቀጥሎ ባለው አግዳሚ አጥንት ሥር፣ ማዕበሉ ጀልባውን በሚመታበት ቦታ ላይ፣ በተከታታይ የተደረደሩ ሪቬቶች አብዛኞቹ እርጥበቱን ቀለበት ሠርተው አሳይተዋል። ሁለቱን በጣቴ ስነካቸው እንኳ ይነቃነቃሉ። በማፍሰሻው ቱቦ ዙሪያም፣ ውታፉ ራሱ ሳይሆን የቱቦው ከንፈር ከላሜራው ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ ቀለም የያዘ ውሃ እያረጠበ ይወጣል። ሪቬቶቹን በያጅ ዘንድ ወስጄ ላስበይዳቸው ወይስ ሌላ መንገድ አለ?

ላሜራ ሠሪ

ብየዳውን ይተዉት። በሪቬት የተያያዘ የጀልባ ላሜራ ስስ ነው፤ በመጋጠሚያው መካከልም ለዓመታት የገባ ዘይት፣ ጭቃና የቆየ ማሸጊያ አለ። የብየዳው ሙቀት ሲነካው ይህ ሁሉ ይጨስና ብየዳውን ወንፊት ያደርገዋል፤ ሙቀቱ ደግሞ አጠገቡ ያሉትን ደኅና ሪቬቶች ያላላል። ከወንበሮቹ ሥር ያለው አረፋም እሳት ከያዘ ጭሱ መርዛማ ነው።

የላላ ሪቬት ሁሉ መለወጥ የለበትም። ያልተበላና ራሱ ያልተሰነጠቀ ከሆነ እንደገና ማጥበቅ ይቻላል። ሥራው ሁለት ሰው ይጠይቃል። አንዱ ከውጭ ሆኖ ከባድ የብረት ድፍን በሪቬቱ ራስ ላይ አጥብቆ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ሆኖ የሪቬቱን ጭራ በመዶሻ ይመታዋል። የውጩ ብረት በትክክል ካልተደገፈ ምቱ ሪቬቱን ወደ ውጭ ይገፋዋል እንጂ አያጠብቀውም፤ ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት በንግግር ይግባቡ። ጥቂት ጠንከር ያለ ምት ይበቃል። ድምፁን ያዳምጡ፦ የላላው ሲመታ የሚንጣጣ ድምፅ አለው፤ ሲጠብቅ ድምፁ ይደፈንና የውጩን ብረት የያዘው ሰው ምቱ መዳፉ ላይ ሲያርፍ ይሰማዋል። ከዚያ በላይ መምታት ላሜራውን አስስቶ ቀዳዳውን ያሰፋል።

በጣትዎ ሲነኩት የሚነቃነቀውን ግን ይለውጡት። ራሱን መሐል ለመሐል በነጥብ መምቻ ምልክት ያድርጉበት፤ ከሪቬቱ ግንድ ጥቂት በቀጠነ መሰርሰሪያ ራሱን ብቻ ሰርስረው ያንሡትና ቀሪውን በመምቻ ገፍተው ያውጡት። በትናንሽ ጀልባዎች ላይ 4.8 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ሪቬት የተለመደ ስለሆነ መጀመሪያ የራስዎን ይለኩ። አዲሱ ሪቬት ድፍን አልሙኒየም ቢሆን ይመረጣል፤ ከውስጥ በኩል እጅ የማይደርስበት ቦታ ከሆነ ግን በሪቬት ጠመንጃ የሚጎተተውን፣ ጫፉ የተዘጋውን ዓይነት ይጠቀሙ። በየቦታው የሚገኘው ጫፉ ክፍት የሆነው ሪቬት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በመሐሉ ውሃ ያሳልፋል፣ ውስጡ የሚቀረው የብረት ሽቦም ዝጎ አልሙኒየሙን ይበላዋል። ሪቬቱን ከማስገባትዎ በፊት ግንዱንም ቀዳዳውንም ፖሊዩሬቴን ያስነኩት፤ ከራሱ ዙሪያ በእኩል ተጨምቆ ሲወጣ ካዩ በደንብ ይዟል።

የሚያጸዱበት ብሩሽ የማይዝግ ብረት ይሁን። ተራው የብረት ብሩሽ ላሜራው ላይ ጥቃቅን ብረት ትቶ ስለሚሄድ የዝገት መነሻ ይሆናል።

በያጅ

ላሜራ ሠሪ ያሉት እውነት ነው፤ የኔን ገበያ ቢቀንስም። ለማሟላት ያህል፣ ጀልባው ሙሉ በሙሉ በብየዳ የተሠራና ላሜራው ወፈር ያለ ከሆነ ስንጥቁ ይበየዳል። ነገር ግን ከመበየዱ በፊት የስንጥቁ ጫፍ ተፈልጎ እዚያ ላይ 3 ሚሊሜትር የምታህል ቀዳዳ ትበሳለች፤ ይህ ካልሆነ ስንጥቁ ከብየዳው ሥር አልፎ መሄዱን ይቀጥላል። ለሚመጡልኝ ሰዎች የማሳስበው አንድ ነገር ቢኖር፣ ብየዳ እንደሚያስፈልግ የሚጠረጥሩበትን ቦታ አስቀድመው ምንም ማጣበቂያ እንዳይቀቡበት ነው።

መዳብ ነክ ነገርም ከጀልባችሁ አርቁ። አልሙኒየም ጀልባ ወለል ላይ የወደቀ የመዳብ ሽቦ ቁራጭ ውሃ ሲያገኘው ከሥሩ ያለውን ላሜራ ይበላል። መዳብ ያለበትን የጀልባ ሥር ቀለም አልሙኒየም ላይ መቀባትም እንዲሁ ነው።

ቀዛፊ

የማፍሰሻውን ቱቦ በሚመለከት፦ ቱቦው ናስ ከሆነና ላሜራው ላይ ያለ ማሸጊያ ከተቀመጠ በያጅ ያሉት የመዳብ ነገር እዚያም ይሠራል፤ ናስ መዳብና ዚንክ ነውና። የናሱ ቢጫ መልክ ወደ ሮዝ ከተለወጠ ዚንኩ ታጥቦ ሄዷል፤ በጥፍር ሲጫኑትም ሊፈረፈር ይችላል። ቢለወጥ ይሻላል። የሚተካው ፕላስቲክ ወይም አልሙኒየም ሆኖ ከከንፈሩ ሥር ፖሊዩሬቴን በሙሉ ዙሪያው ሊኖረው ይገባል።

ባለ ጣውላ

የሁላችሁም ውይይት ስለ ላሜራና ስለ ፋይበር ነው። የእኔ ጀልባ የጣውላ ነው፤ ደረቅ ወቅት ላይ ከውሃ ወጥቶ ከቆየ በኋላ ሳወርደው በየመጋጠሚያው ያፈስሳል። የትኛውን ልድፈን?

ጠጋኙ

ለጊዜው አንዱንም አይድፈኑ። ጣውላ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ መጋጠሚያው የሚዘጋው በዚህ እብጠት ነው። ጀልባውን ጥልቀት በሌለው ቦታ አስረው ወይም ውስጡን እርጥብ ጆንያ አንጥፈውበት ጥቂት ቀናት ያቆዩት። ካበጠ በኋላም የሚያፈስሰው መጋጠሚያ ብቻ ነው ጥገና የሚፈልገው። ደርቆ ሳለ ክፍተቱን በኢፖክሲ ወይም በሌላ ድርቅ በሚል ነገር ከሞሉት፣ ጣውላው ሲያብጥ የሚሄድበት ቦታ ያጣና ወይ ምስማሩን ይነቅላል ወይ ጎረቤቱን ጣውላ ይሰነጥቃል። መጋጠሚያ የሚደፈነው በጥጥ ፈትል ነው፤ እሱም በመሮ ቀስ ተብሎ ይጠቀጠቅና በላዩ ላይ ሳይደርቅ ለስላሳ ሆኖ የሚቆይ ስቱኮ ይደረግበታል። ጥጡንም ቢሆን እስከ መጨረሻው አጥብቆ መጠቅጠቅ ያው ጉዳት አለው።

መጀመሪያ የሚመረመረው ከታችኛው ወገብ ጋር የሚገናኘው የመጀመሪያው ጣውላ ነው። የቢላ ጫፍ ሲጫኑበት ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ በስብሷልና የሚያዋጣው መለወጥ ብቻ ነው።

የማታ አጥማጅ

ሁሉም መልካም ነው። ነገር ግን ውሃ መሐል ሳለሁ ቀዳዳ ቢከፈትብኝስ? ምን ያህል ጊዜ ነው ያለኝ?

ቀዛፊ

እንደ ቀዳዳው ስፋትና ጥልቀት ነው። ከውሃው ወለል 30 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ የሚገኝ 6 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ፣ ማለትም አንድ የወለቀ ሪቬት የሚተወውን የሚያህል፣ በደቂቃ 2.5 ሊትር ገደማ ያስገባል፤ ይህን በቆርቆሮ እየጨለፉ መመለስ ይቻላል። በ20 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ ውታፉ የወለቀ 25 ሚሊሜትር ማፍሰሻ ግን በደቂቃ 35 ሊትር ያህል ያስገባል፤ ይህ ማለት 10 ሊትር የሚይዝ ባልዲ በየ17 ሰከንዱ እየሞሉ መድፋት ነው። ብቻውን ያለ ሰው ይህን ብዙ ሊቀጥልበት አይችልም።

ስለዚህ ከመጨለፍ በፊት መድፈን ይቀድማል። ለስላሳ እንጨት ሾጠጥ ተደርጎ የተቀረጸ ውታፍ በየቀዳዳው አጠገብ በገመድ ታስሮ ይኑር፤ ውሃ ሲነካው ስለሚያብጥ ይበልጥ ይጠብቃል። ሌላው ቢጠፋ ጨርቅ ጠቅልሎ መወተፍም ይሠራል። ሰውንና ጭነትን ከቀዳዳው በተቃራኒ በኩል ማዛወር ቀዳዳውን ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ጥልቀቱ ሲቀንስ የሚገባውም ውሃ ይቀንሳል። ነገር ግን ወለሉ ላይ ውሃ ካለ ቀስ ብለው ይንቀሳቀሱ። ስፋቱ 3 ካሬ ሜትር በሆነ ወለል ላይ 2 ሳንቲሜትር ውሃ 60 ኪሎ ነው፤ ጀልባው ባዘነበለ ቁጥር ይህ ክብደት በአንድ ጊዜ ወደ ዘነበለው ጎን ይሮጣል። የሕይወት ጃኬቱ መለበስ ያለበት ከዚህ ሁሉ በፊት ነው።

ባለመረብ

ሪቬቶቹን ከአንድ ወዳጄ ጋር ሆነን አጠበቅናቸው፤ የሚነቃነቁትን በድፍን ሪቬት ለወጥናቸው፤ የማፍሰሻውን ቱቦም በአዲስ ተክተን ፖሊዩሬቴኑ እስኪጠነክር ሳምንቱን ጠበቅን። አሁን ጀልባው ታስሮ ሲያድር ወለሉ አቧራው እንዳለ ነው። ጭነት ጭኜ ስሄድም ከአፍንጫው በኩል የሚመጣ ነገር የለም። የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው፦ በፍጥነት ስሄድ ቆይቼ ድንገት ሳቆም ከኋላ ጥቂት ውሃ አገኛለሁ። የውሃ መምጠጫው ፓምፕ መውጫ ጀልባው ሲጫን ከውሃው ጋር ሊገናኝ ትንሽ እንደሚቀረው አስተውያለሁ። ሞተሩ የታሰረባቸው ቡሎኖችም ዙሪያቸው ጠቁሯል። ከሁለቱ የትኛውን ልያዝ?

ጠጋኙ

ሁለቱንም፤ በፓምፑ ይጀምሩ፣ ቀላሉ እሱ ነውና። መውጫው ውሃ ውስጥ ከገባ ፓምፑ ሲቆም ውሃው በዚያው ቱቦ ተመልሶ ወደ ውስጥ ሊፈስስ ይችላል። ቱቦውን ከመውጫው በፊት ከጎኑ ጠርዝ ሥር እስከሚደርሰው ከፍታ ድረስ አንሥተው መልሰው ያውርዱት፤ የሚቻል ከሆነም መውጫውን ራሱን ከፍ ያድርጉት። በቱቦው መሐል የሚገባውን አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ብቻውን አይመኑት፤ የዓሣ ቅርፊት ሲገባበት ሳይዘጋ ይቀራል።

ቡሎኖቹን በሚመለከት፣ የመሙላቱ ፈተና እነርሱ ዘንድ አልደረሰም፤ የሞሉት ውሃ እስከዚያ ከፍታ አልነበረምና። ሞተሩን አውርደው ቡሎኖቹን ያውጡ፤ በላሜራው መካከል ያለው ጣውላ እርጥብ መሆኑን በቀዳዳው ውስጥ ቀጭን ሽቦ አስገብተው በመፋቅ ይመልከቱ። የሚወጣው ብናኝ ደረቅና ነጣ ያለ ከሆነ ደኅና ነው። ጥቁርና ጭቃ መሰል ከሆነ ግን ጣውላው ሳይለወጥ ማሸግ ትርጉም የለውም፤ ሞተሩን የሚሸከመው እሱ ነው። ደኅና ከሆነ የቀዳዳውን አፍ በመሰርሰሪያ ጥቂት አዘቅዝቀው ያስፉት፤ እዚያ የሚተኛው ማሸጊያ እንደ ቀለበት ሆኖ የቡሎኑን ግንድ ይከብበዋል። ሞተሩ አንድ ቀን መፈታቱ ስለማይቀር እዚህ ላይ 5200 አይጠቀሙ፤ ሊፈታ የሚችለውን ዓይነት የጀልባ ማሸጊያ ይምረጡ። ሰፊ ሮንዴላ አድርገው መጀመሪያ ማሸጊያው በዙሪያው ብቅ እስኪል ድረስ ብቻ ያጥብቁና፣ ጥቂት ከጠነከረ በኋላ መጨረሻውን ያጥብቁት፤ መጀመሪያውኑ እስከ መጨረሻው ካጠበቁት ማሸጊያው ሁሉ ተጨምቆ ይወጣል። በሁለተኛው ጊዜ ሲያጠብቁ ከውጭ ያለውን የቡሎኑን ራስ በቁልፍ አጥብቀው ይያዙና ከውስጥ ዳዶውን ብቻ ያዙሩ፤ ቡሎኑ ራሱ ከዞረ የያዘው ማሸጊያ ይቀደዳል።